ልጄ ሰው የማያውቀው ዩኒቨርሲቲ ልግባ አለችኝ

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው ለንደን ነው፤ ከመጣሁ ሃያ አንድ ዓመት ሆነኝ። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። ትልቋ ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ትጨርሳለች። መካኒካል ምሕንድስና መማር ስለምትፈልግ ለአምስት ዩኒቨርሲቲዎች አመልክታ ከሁለቱ ጥሩ መልስ መጣላት። አንዱ ደርሃም ነው፤ ሁለት ኤ ስታርና (ከኤ የሚበልጠው ከፍተኛው ውጤት ነው) አንድ ኤ ካመጣች ይቀበላታል። ሌላው ላፍቦሮ የሚባል ነው፤ እሱ ሦስት ኤ ይበቃኛል ብሏል። እኔና አባቷ ደርሃም ስንል እሷ ላፍቦሮ ብላ ድርቅ አለች። እዚያ ሦስተኛው ዓመት ላይ ለአንድ ሙሉ ዓመት ኩባንያ ውስጥ ገብተው ይሠራሉ፤ ልቧን የወሰደው እሱ ነው። አባቷ ደግሞ የሥራ ባልደረባው የነገረውን ይዞ ‹‹ራስል ግሩፕ ያልሆነ ዩኒቨርሲቲ መግባት ዕድሜ ማባከን ነው›› ይላል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ሴቶቹ ‹‹የት ልትገባ ነው?›› ብለው ጠየቁኝ። ላፍቦሮ አልኩ። አንዷ ‹‹እሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ነው?›› አለችኝ። የእሷ ልጅ ኪንግስ ኮሌጅ ነው። የዚያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለራሴ ክብር ብቻ ብዬ እንዳይመስልዎት። ፈረንጅ ቀጣሪ የሐበሻ ስም ሲያይ ማመልከቻውን ወደ ጎን እንደሚያደርገው በራሴ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። ቢያንስ የዩኒቨርሲቲዋ ስም ጋሻ ይሁናት ብዬ ነው። ተሳስቼ ይሆን? ምርጫዋን ለማሳወቅ የቀራት ሦስት ሳምንት ነው።

እናት ነኝ፣ ከለንደን

መልስ

ውድ እህቴ፣

ሃያ አንድ ዓመት ሌሊት ሌሊት እየሠሩ ልጅን ለምሕንድስና ትምህርት ማብቃት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ‹‹የሰው ወሬ ምን ያደርግልዎታል›› ብዬ በአንድ ቃል አላልፍዎትም። እኛ ዘንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ብቻውን አይገባም፤ እናት አባቱ፣ አገር ቤት ያለችው አያቱ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ አብሮ ይገባል። የልጅዎ ስም በተጠራበት ቦታ ቀና ብለው መቀመጥ መመኘትዎ ነውር የለበትም፤ የደከሙበት ነው።

ሆኖም ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተጠላልፈው አገኘኋቸው። አንዱ ‹‹ሰው ምን ይላል?›› የሚል ነው፤ ሌላው ‹‹ልጄን ማን ይቀጥራታል?›› የሚል። ከቅዳሴ በኋላ ቡና የሚጠጡት እናቶች ሊመልሱ የሚችሉት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን የሚመልሱት ደርቢ፣ ብሪስቶል፣ ኮቨንትሪ ተቀምጠው የመሐንዲሶችን ማመልከቻ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ላፍቦሮን አሳምረው ያውቁታል።

ከባለቤትዎ ልጀምር። ‹‹ራስል ግሩፕ›› የሚለው ስም በወላጆች ዘንድ እንደ ማኅተም መቆጠር ከጀመረ ቆይቷል፤ ከየት እንደ መጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ1994 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የ17 ዩኒቨርሲቲዎች ኃላፊዎች የመሠረቱት ማኅበር ነው። ይሰበሰቡ የነበረው ለንደን ውስጥ ራስል አደባባይ በሚገኘው ራስል ሆቴል ስለ ነበር ስሙ ከዚያ ተወሰደ። የተሰባሰቡትም ብዙ ምርምር የሚሠሩ ተቋማት ጥቅማቸውን መንግሥት ፊት በአንድ ድምፅ እንዲያስከብሩ ነው። ዛሬ አባላቱ 24 ናቸው። ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች መሆናቸውን አልክድም፤ ነገር ግን አባልነቱ የምርምር ጉዳይ እንጂ መምህሩ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያስተምር የሚመሰክር ወረቀት አይደለም።

ደርሃም ራሱ ማኅበሩን የተቀላቀለው በ2012 ነው። በ1832 የተመሠረተ አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ ነውና በ2011 የተመረቀው ተማሪ በ2013 ከተመረቀው ያነሰ ነበር የሚል ሰው አይገኝም። ስኮትላንድ ውስጥ ያለው ሴንት አንድሩስ ደግሞ ከ1413 ጀምሮ የቆመ ነው። የብሪታንያ ጋዜጦች በሚያወጧቸው የዩኒቨርሲቲ መመሪያዎች ላይ ኦክስፎርድንና ኬምብሪጅን ቀድሞ አንደኛ የሆነባቸው ዓመታት አሉ፤ የዛሬው አልጋ ወራሽ ልዑል ዊልያም በ2005 የተመረቁትም ከዚያው ነው። እሱ እስከ ዛሬ ራስል ግሩፕ ውስጥ የለም። ባለቤትዎ ይህን ሲሰሙ የሥራ ባልደረባቸውን ምክር እንደገና ያጤኑታል ብዬ አምናለሁ።

ወላጆች የሚያምኑት ሌላው ነገር የዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ልጆችም ስልካቸው ላይ ከፍተው ‹‹ይኸው፣ ይሄኛው ይበልጣል›› ይላሉ። ኪው ኤስ የተባለውን ብንወስድ፣ ከመቶው 30 ነጥብ የሚሰጠው በዓለም ዙሪያ ያሉ ምሁራን በመጠይቅ ‹‹የትኞቹን ዩኒቨርሲቲዎች ታደንቃላችሁ?›› ተብለው በሚመልሱት ነው። 15 ነጥብ ደግሞ ለቀጣሪዎች ከሚቀርብ ተመሳሳይ መጠይቅ ይመጣል። ስለዚህ ከውጤቱ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዝና ራሱ ነው፤ ስም ስምን ይወልዳል። ትልቅ የሕክምና ትምህርት ቤትና ሰፊ የምርምር ክፍሎች ያሉት ተቋም ስሙ በየጉባኤው ይነሣል። ላፍቦሮ የሕክምና ትምህርት ቤት የለውም፤ በዓለም ላይ ስሙ ገኖ የሚጠራው በስፖርት ትምህርት ነው። እንግሊዝ አገር ውስጥ ተቀምጠው በሚያዩት ዘንድ ግን መልኩ ሌላ ነው። በ2017 መንግሥት የዩኒቨርሲቲዎችን ማስተማር በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሲመድብ፣ የተማሪዎች እርካታን፣ ትምህርት ሳያቋርጡ መዝለቅንና ከምረቃ በኋላ ሥራ ማግኘትን አይቶ ነበር። ላፍቦሮ ወርቅ አገኘ። ስሙ ሲጠራ ሁሉ የሚያጎነብስለት ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ነሐስ ደረሰው። ምዘናው ብዙ ተቺዎች ነበሩት፤ ትችቱም መሠረት ነበረው። ሆኖም ዝና አንድ ነገር፣ ተማሪው በየቀኑ የሚያገኘው ሌላ ነገር መሆኑን በግልጽ አሳይቷል።

አሁን ወደ ቀጣሪዎች ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡኝ። ‹‹ስም ምንም አይሠራም›› የሚል ሰው ከገጠመዎት አይመኑት። እንግሊዝ አገር ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ስም በር የሚከፍትባቸው ሙያዎች አሉ፤ በሩ ደግሞ ጠባብ ነው። ሰተን ትረስት የተባለው ድርጅት በ2019 ባወጣው ጥናት ከከፍተኛ ዳኞች መካከል 71 በመቶው ኦክስፎርድ ወይም ኬምብሪጅ የተማሩ ነበሩ፤ ከአገሩ ሕዝብ እዚያ የተማረው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ትልልቆቹ የለንደን የሕግ ቢሮዎች፣ የኢንቨስትመንት ባንኮች፣ ታላላቅ የማኔጅመንት አማካሪዎች ከጥቂት ግቢዎች ብዙ ሰው ሲወስዱ ኖረዋል። ልጅዎ ጠበቃ ወይም የባንክ ባለሙያ ልሁን ብላ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ‹‹ደርሃምን አትልቀቂ›› እላት ነበር።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ስም ጨርሶ የማይጠየቅባቸው ሙያዎች አሉ። ነርሶችን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ ሙያው የሚጠይቀው ምዝገባውን ነው። ሐኪሞች እንኳ ከምረቃ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት የሥራ ዓመታት ሲመደቡ፣ ከ2024 ወዲህ ምደባው የሚካሄደው በመረጡት አካባቢና ኮምፒውተር በሚያወጣላቸው ተራ ነው። ኦክስፎርድ የተማረውና በቅርብ ከተከፈተ የሕክምና ትምህርት ቤት የወጣው እኩል ተራ ይጠብቃሉ።

በመካከል ያሉት ብዙዎቹ ቀጣሪዎች ደግሞ ባለፉት አሥር ዓመታት ተለውጠዋል። ትልልቆቹን የሒሳብና የማማከር ድርጅቶች እንመልከት፤ ዴሎይት በ2015 ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉ ሠራተኞቹ አመልካቹ የት እንደ ተማረ እንዳያዩ አደረገ። ኧርነስት ኤንድ ያንግ በዚያው ዓመት የዲግሪ ውጤትን ከማመልከቻ መስፈርቱ አወጣ። ፒደብሊውሲ በ2022 ቀድሞ ይጠይቅ የነበረውን የዲግሪ ማዕረግ ተወ። ለምን ብለው ቢጠይቁ ምክንያቱ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ የራሳቸውን ፈተና አዘጋጅተው ሲያወዳድሩ፣ በስም ብቻ መምረጥ ጎበዝ ሰው እንደሚያሳጣቸው ስላዩ ነው።

እኔም ለንደን ሳለሁ በአንድ የክፍለ ከተማ መሥሪያ ቤት ለዓመታት የቅጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ማመልከቻዎቹ የሚደርሱን ስምና ትምህርት ቤት ተሸፍኖ ነበር። መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም፤ የሰውን ድካም መሸፈን መስሎ ታየኝ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ‹‹ከሥራ ልምድህ አንድ ከባድ ችግር የፈታህበትን ጊዜ ንገረን›› የሚለው ጥያቄ ላይ ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል። አንዱ በሚያማምሩ ቃላት የተሞላ ሆኖ መጨበጫ የለውም። ሌላው ‹‹ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑ ቆመ፤ መለዋወጫው አልነበረም፤ እንዲህ አደረግሁ›› ይላል። የሁለተኛውን ጸሐፊ ፊት ሳናየው ማመን እንጀምር ነበር። ሽፋኑ ሲነሣ ይህን መልስ የጻፉት ብዙዎቹ ከትምህርታቸው መካከል ወጥተው የሠሩ ልጆች ሆነው አገኘናቸው። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደ ተማሩ ለማየት የሚቸኩል ሰው ከዚያ በኋላ አልነበረም።

ወደ ጋሻው ጉዳይ የምመጣው በዚህ ነው፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ ልቤን የነካው እሱ ነውና። ፍርሃትዎ ባዶ አይደለም። የኦክስፎርዱ ነፊልድ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት ከሦስት ሺህ በላይ በሆኑ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ችሎታቸው አንድ ዓይነት የሆነ፣ ስማቸውና የዘር ሐረጋቸው ግን የተለያየ የልብ ወለድ አመልካቾች ማመልከቻ ላኩ። ከአናሳ ማኅበረሰብ የመጣው አመልካች ጥሩ መልስ ለማግኘት ከነጩ እንግሊዛዊ በአማካይ 60 በመቶ የበለጠ ማመልከቻ መላክ ነበረበት። እርስዎ በሕይወትዎ ያዩትን እነሱ በቁጥር አዩት።

ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ችሎታ እኩል ሆኖ ሳለ ነው ልዩነቱ የመጣው። ስለዚህ ሌላ የወረቀት ጌጥ መጨመር ብቻውን ጋሻ ይሆናል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎ አልደፍርም። ይልቅ ጋሻ የሚሆነው ስሟ ወረቀት ላይ ከመነበቡ በፊት ሰዎቹ እሷን ማወቃቸው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ኩባንያ ወርክሾፕ የዋለች ልጅ ስሟ እዚያ ላሉት ‹‹ለመጥራት የሚከብድ የባዕድ ስም›› መሆኑ ይቀራል፤ የፓምፑን ንዝረት ችግር ያገኘችው ልጅ ስም ይሆናል። አለቃዋ ዓይቷታል። ሥራ የሚያቀርቡላት ብዙ ጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ባያቀርቡላት እንኳ ምስክር የሚሆናት መሐንዲስ አገኘች። የእኛ ልጆች የሚጎድላቸው በአብዛኛው ይህ ነው። የእንግሊዛዊ መሐንዲስ ልጅ በአባቱ ጓደኛ በኩል ለክረምት ወደ ፋብሪካው ይገባል። የእርስዎ ልጅ በማን በኩል ትገባለች? ዩኒቨርሲቲው ራሱ መንገዱን ከጠረገላት ትልቅ ነገር ነው።

ላፍቦሮ ደግሞ በዚህ ነገር ትናንት የተነሣ አይደለም። በ1909 የቴክኒክ ተቋም ሆኖ ጀመረ፤ ያደገውም ተማሪ እየሠራ ይማር በሚል ሐሳብ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተማሪዎቹ ማሽን ላይ ቆመው የሚያመርቱበት የማስተማሪያ ፋብሪካ ነበረው። በ1966 በንጉሣዊ ቻርተር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ደርቢ ላይ የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራው ሮልስሮይስ ቅርብ ጎረቤቱ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ጋር በጋራ የሚሠራበት የምርምር ማዕከልም አለው። የሥራ ዓመቱን በሚገባ የጨረሰ ተማሪ ከዲግሪው በተጨማሪ ለዚያ ዓመት የራሱ ዲፕሎማ ይሰጠዋል። ልጅዎ ይህን አጥንታ የመረጠች ይመስለኛል። ‹‹ድርቅ አለች›› ያሏት ልጅ ምክንያት ያላት ልጅ ናት።

ስለ ደርሃም ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፤ ማሳነስ አልፈልግም። ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። ምሕንድስናውም ጠንካራ ነው፤ አሠራሩ ግን ይለያል። እዚያ ሁሉም የምሕንድስና ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አንድ ዓይነት አጠቃላይ ትምህርት ይማራሉ፤ ወደ መካኒካሉ፣ ወደ ኤሌክትሪኩ ወይም ወደ ሲቪሉ የሚለዩት ከዚያ በኋላ ነው። ላፍቦሮ ከመጀመሪያው ቀን መካኒካል ነው። ልጅዎ ዝንባሌዋ ገና ያልለየ ከሆነች የደርሃሙ መንገድ ጊዜ ይሰጣታል። ደግሞም በምሕንድስና የሚመረቁ ልጆች ሁሉ መሐንዲስ ሆነው አይቀሩም፤ ሒሳብ ስለሚችሉ ባንኮች ይወስዷቸዋል። ልጅዎ እንዲህ ያለ ሐሳብ በልቧ ካለ የደርሃም ስም ዋጋ አለው፤ የሕግና የገንዘብ ተቋማት የሚጎበኙት ግቢ ነው። ስለዚህ ‹‹የት ትገቢያለሽ?›› የሚለውን ለጊዜው ይተዉትና አንድ ማታ ቁጭ ብለው ‹‹በሃያ አምስት ዓመትሽ ጠዋት ተነሥተሽ ወዴት ስትሄጂ ይታይሻል?›› ብለው ይጠይቋት። ወደ ማሽን ካለች ላፍቦሮ። ‹‹አላውቅም›› ካለች ውይይቱ ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

በየትኛውም ቢሆን አንድ ነገር ሳይጣራ እንዳይቀር፤ ፕሮግራሙ የመካኒካል መሐንዲሶች ተቋም ዕውቅና ያለው መሆኑን። በእንግሊዝ የመሐንዲስነት ማዕረግ በኋላ የሚጠየቀው በዚህ ነው፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ዕውቅናው አላቸው፤ ሆኖም ልጅዎ የያዘችው ፕሮግራም የትኛው እንደ ሆነ በስሙ ትመልከት። ሦስት ዓመት የሚፈጀውና እስከ ማስተርስ የሚዘልቀው አንድ አይደሉምና። ለማዕረጉ የሚያስፈልገውን ትምህርት በሙሉ የሚያሟላው እስከ ማስተርስ የሚሄደው ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ የሚያስጨንቅ ልዩነት የለም። በ2025/26 የትምህርት ዘመን ክፍያው በሁለቱም 9,535 ፓውንድ ነው፤ ስም ያለው አይወደድም፣ ስም የሌለው አይረክስም። በሥራው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ሊያስከፍል የሚችለው ከሙሉው ክፍያ ከአምስት አንድ እጅ አይበልጥም፤ ተማሪዋም በአብዛኛው ደመወዝ ታገኛለች። ብድሩም ቢሆን እንደ ባንክ ዕዳ ቤትዎን አያንኳኳም፤ ገቢዋ በዓመት ከ25,000 ፓውንድ ሲያልፍ ከሚያልፈው ላይ ዘጠኝ በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል፤ ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዛል።

አሁን ሦስት ሳምንት ስለቀረው ምርጫ፤ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። ልጅዎ አንዱን የመጀመሪያ ምርጫ፣ ሌላውን መጠባበቂያ አድርጋ ታሳውቃለች። ደርሃምን የመጀመሪያ፣ ላፍቦሮን መጠባበቂያ ብታደርግ፣ በነሐሴ ውጤቷ ሁለት ኤ ስታርና አንድ ኤ ከሆነ ቦታዋ ደርሃም ሆኖ ይጸናል፤ ‹‹ሐሳቤን ቀየርኩ›› ብላ ወደ ላፍቦሮ ለመመለስ ቦታዋን ለቅቃ እንደ አዲስ መለመን ይኖርባታል። ላፍቦሮን የመጀመሪያ አድርጋ ደርሃምን መጠባበቂያ ማድረግ ደግሞ ከንቱ ነው፤ ሦስት ኤ ያላመጣች ልጅ ከዚያ የሚበልጠውን የደርሃምን መስፈርት አታሟላም። ስለዚህ ላፍቦሮን ከመረጠች መጠባበቂያዋ ከአምስቱ መካከል ዝቅ ያለ ውጤት የጠየቀ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ካለ እሱ ይሁን። አንዳንድ ወላጅ ‹‹ለጊዜው ደርሃምን ጻፊ፣ በኋላ እናያለን›› ይላል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። በኋላ የሚታይ ነገር የለም፤ የሚጻፈው ነው የሚሆነው።

የእኔን አስተያየት በቀጥታ ከፈለጉ፦ ልጅዎ መሐንዲስ መሆን እንደምትፈልግ እርግጠኛ ከሆነች ላፍቦሮ ትግባ። ሳትወደው በወላጅ ግፊት ደርሃም የገባች ልጅ የመጀመሪያው ክረምት ሲጨልምባት ‹‹እናቴ ናት›› የምትልበት ምክንያት ይኖራታል፤ ወዳ የመረጠች ልጅ ግን ሲከብዳትም ትገፋዋለች። ብዙ ቀጣሪዎች ዛሬም ከስሙ ይልቅ የሚመለከቱት የዲግሪውን ማዕረግ ነው፤ ጥሩ ማዕረግ ደግሞ የሚገኘው በትጋት ነው፤ ያልወደዱትን ነገር ለአራት ዓመት መትጋት ከባድ ነው።

ለቡናዋ ሴትዮ መልስ ካስፈለገዎ፣ እንደገና ስትጠይቅዎ አንገትዎን ሳይደፉ ‹‹ላፍቦሮ፣ መካኒካል ምሕንድስና፣ አንድ ዓመት ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩበት ነው›› ይበሉ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻውን ጥለው ዝም አይበሉ፤ ትምህርቱንና ሥራውን አብረው ይጥሩት። ሴትዮዋም ክፉ አስባ አይመስለኝም። ላፍቦሮን አታውቀውም፤ እርስዎም እስከ ዘንድሮ አላወቁትም ነበር። የእሷ ልጅ የሚማርበት ኪንግስም ስሙ እስከ ዛሬ ‹‹ኮሌጅ›› ነው፤ በስሙ ብቻ ቢፈረድበት ዩኒቨርሲቲ መሆኑን የሚያምን ባልነበረ። የልጇን ነገር በቅንነት ይጠይቋት። በየቤቱ ያለው ጭንቀት አንድ ዓይነት ነው፤ የተማረ ልጅ ሥራ አጥቶ ቤት እንዳይቀር።

ከሁሉ በፊት ግን ከእነዚህ ሦስት ቅዳሜዎች አንዱን ለጉዞ ይስጡት። ወደ ላፍቦሮ የሚሄደው ባቡር ከሴንት ፓንክራስ ይነሣል፤ ወደ ደርሃም የሚሄደው ከኪንግስ ክሮስ፤ ሁለቱ ጣቢያዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። የደርሃሙ መንገድ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ባቡሩ ከተማዋ ሲደርስ ካቴድራሉ በኮረብታው ላይ ቆሞ ሲታይ ልብ ይሰርቃል፤ እርስዎንም እንደሚሰርቅዎ አልጠራጠርም። ላፍቦሮ እንዲህ ያለ ውበት የለውም። በከተማው ውስጥ ግን የቆየ የደወል ማቅለጫ ፋብሪካ አለ፤ ለንደን ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ትልቁ ደወል በ1881 የተሠራው እዚያ ነው። ባለቤትዎንም ይዘው ይሂዱ፤ ያለ እሳቸው ከሄዱ ሲመለሱ ክርክሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ግቢው ውስጥ ሲገቡ አዳራሽ ውስጥ ከሚደረገው ገለጻ ወጣ ብለው ወርክሾፑን ያሳዩን ይበሉ። ከሥራው ዓመት የተመለሱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ፈልጉና ጠይቋቸው፤ የት ሠራችሁ? ቦታውን ማን አገኘላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ወይስ ራሳችሁ? ስንት ማመልከቻ ላካችሁ? ሳያገኝ የቀረ ጓደኛ አላችሁ? የሐበሻ ወይም የሌላ አፍሪካዊ ቤተሰብ ልጅ ካገኙ ደግሞ ለብቻ ገለል አድርገው ኑሮውን ይጠይቁ። ደርሃምም ከሄዱ ይህንኑ ይጠይቁ፤ እዚያም የሥራ ዓመት መውሰድ ይቻል እንደ ሆነ፣ በእርግጥ የሚወስዱት ስንት ተማሪዎች እንደ ሆኑ ይንገሯችሁ። ጠያቂዋ ልጅዎ ትሁን፤ እርስዎ ከጎኗ ሆነው ሲመልሱላት ፊቷን ይመልከቱ።